ኪቤራን ልጎብኝ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በሐምሌ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አዲስ አበባ እንገባለን። ከዚያ በፊት ግን ናይሮቢ ጥቂት ቀን እናርፋለን፤ የባለቤቴ እህት እዚያ ነው የምትኖረው። ልጆቹ 14 እና 16 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም አሜሪካ ተወለዱ። ናይሮቢ ውስጥ ምን እንደሚጎበኝ ሳፈላልግ ከአንበሳውና ከቀጭኔው ጎን «የኪቤራ ጉብኝት» የሚል አገኘሁ። አስጎብኚ ይዞ ድሆች የሚኖሩበትን ሰፈር በእግር እየዞሩ ማየት ነው። ልጆቼን ልወስዳቸው ፈለግሁ። ቁም ሳጥናቸው በልብስና በጫማ ተሞልቶ ሁሌ ማማረር ነው። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚኖር አይተው ያላቸውን እንዲያመሰግኑ ብዬ ነው። ባለቤቴ ሲሰማ ግን ተቆጣ። «የሰው ገመና በትኬት አይታይም» አለኝ። እኔም ያደግሁት ጨርቆስ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ፈረንጆች ካሜራ ይዘው ሰፈራችን ሲመጡ እናቴ እጃችንን ጎትታ ታስገባን ነበር። ይህን ሳስብ እሱም እውነት አለው እላለሁ። ለማንኛውም ያገለገለ ልብስ በአንድ ሻንጣ ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

የሁለት ልጆች እናት

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣

መሄድ ትችያለሽ። የምትሄጂበትን ምክንያት ግን መጀመሪያ ቀይሪው።

ልጆቹ ያላቸውን እንዲያመሰግኑ ብቻ ከሆነ የምትወስጃቸው፣ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፣ ይቅር። እስቲ ነገሩን ከዚያኛው ወገን ሆነሽ እይው። አንዲት ሴት ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን እየከተፈች ነው። ሁለት ታዳጊዎች ከፊቷ ቆመው በልባቸው «ተመስገን፣ እኔን እንደዚህ አላደረገኝ» ይላሉ። እሷ ከዚህ ምን አገኘች? ምንም። ኑሮዋ ለሰው ልጅ መገሠጫ ሆነ፣ እሱም ሳትጠየቅ። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ምስጋና አይበረክትም። የመልሱ አውሮፕላን ላይ ያልቃል። የጫማው ነገር ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንቺና በአባታቸው የሚፈታ የቤት ጉዳይ ነው። ለዚያ የኪቤራን ሰው አታስቸግሪ።

ኬኔዲ ኦዴዴ የሚባል ኬንያዊ አለ። ኪቤራ ያደገ፣ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ሾፍኮ የተባለውን ድርጅት የመሠረተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚህ ጉብኝት ጽፎ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ደጅ ላይ ዕቃ እያጠበ፣ አንዲት ነጭ ሴት መጥታ ፎቶ አነሳችው። ያኔ በፍርግርግ ውስጥ የታጎረ ነብር የሆነ ያህል ተሰማው። ቱሪስቶች ምጥ የያዛት ሴት ቤት ገብተው ቆመው ሲያዩ፣ ከዚያም ፎቷቸውን ይዘው ጉብኝታቸውን ሲቀጥሉ እንደነበረም ጽፏል። ትልቁ ልጅሽ አሁን ያለበት ዕድሜ ላይ ነበር እሱ። ለልጆቹ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ንገሪያቸው። ከእኔ ምክር ይልቅ እሱ ይገባቸዋል።

ኦዴዴ የደረሰበት ነገር «ይህ ጉብኝት ለእኛ ምንም አይጠቅመንም» የሚል ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ ይቅር የማልለው በአንድ ምክንያት ነው። ዛሬ ኪቤራ ተወልደው ያደጉ፣ አሁንም እዚያው የሚኖሩ ወጣቶች ራሳቸው እያስጎበኙ ይተዳደራሉ። ሰፈሩ የእነሱ ነው፤ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ከከተማ መሀል በሚኒባስ ጭኖ አምጥቶ በመስኮት ከሚያሳይ ድርጅት ጋር ይህ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የለንደን ሀብታሞች ምሽት ላይ ኢስት ኤንድ የሚባለውን የድሆች ሰፈር ለማየት በቡድን ይወጡ ነበር። የሚኒባሱ ጉብኝት ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ስለዚህ ጉዳዩ ማን ያስጎበኛል፣ ምንስ ያሳያል የሚለው ነው። ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። አስጎብኚው ራሱ ኪቤራ ውስጥ ይኖራል? ከምንከፍለው ገንዘብ ለእሱ ስንት ይደርሰዋል? ለሰፈሩስ የሚቀር ነገር አለ? ካለ ለምን ሥራ ዋለ? «ለማኅበረሰቡ እንረዳለን» የሚል ጥቅል መልስ አይበቃም። የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ማኅበር፣ ምን ተሠራ ብለሽ ግፊ። በደንብ የሚሠራ ሰው በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ ደስ እያለው ይነግርሻል። የሚያለባብስ ከሆነ ስልኩን ዝጊ።

ማወዳደሪያ ከፈለግሽ ሕንድ፣ ሙምባይ ውስጥ ዳራቪ የሚባል ትልቅ ሰፈር አለ። እዚያ ሪያሊቲ ቱርስ የተባለ አስጎብኚ እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቋመ። ከትርፉ 80 በመቶውን ለትምህርትና ለመሳሰለው ሥራ እንደሚያውል በግልጽ ይናገራል። በዳራቪው ጉብኝት ላይ ፎቶ ማንሳት ጭራሽ ክልክል ነው። ሰዎቹን የሚወስደውም ፕላስቲክ እየተለቀመና እየተፈጨ እንደገና ጥቅም ላይ ወደሚውልበት፣ ቆዳ ወደሚሠራበት፣ ሸክላ ሠሪዎች ወዳሉበት ነው። ማለትም የሚያሳየው ሥራ ነው። የእኔም መለኪያ ይኸው ነው። ልጆችሽ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ሊያዩ ከሆነ ይሂዱ። ሰው ተቸግሮ ሊያዩ ከሆነ አይሂዱ።

ኪቤራ ደግሞ የሚታይ ሥራ ሞልቶታል። የቄራ አጥንት ሞርደው፣ አለስልሰው፣ ቀለም ነክረው የአንገት ጌጥና የጆሮ ጉትቻ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ። ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ማንዳዚ ጠባሹ፣ ቻፓቲ ጋጋሪው ደጅ ለደጅ ተያይዘዋል። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂዱ። አራት ናችሁ፤ ከሌላ ቡድን ጋር አትቀላቀሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሃያ ሰው ተሰልፎ ሲገባ ጀሪካን የተሸከመች ሴት መተላለፊያ ታጣለች።

ማስታወቂያውንም አንብቢው። «የአፍሪካ ትልቁ የድሆች መንደር፣ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ» እያለ የሚጠራሽ ከሆነ የሚሸጥልሽ ድህነቱን ነው። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ሕዝብ ሲቆጥር ኪቤራ ውስጥ ያገኘው 170,070 ሰው ነው። ቁጥሩ አንሷል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ይከራከሩ። የሰው ችግር እያጋነነ ገበያ የሚጠራ አስጎብኚ ግን ቦታው ላይ ስትደርሺም ምን እንደሚያሳይሽ መገመት አያቅትም።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። የሕፃናት ማሳደጊያ ወይም የመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚያስገባ ጉብኝት ከሆነ እምቢ በይ። ፕሮግራሙ ላይ ካለ ይሰረዝ፤ አይሰረዝም ካሉሽ ሌላ ፈልጊ። ልጆቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ይዘፍኑልሻል፣ እጅሽን ይይዛሉ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ብር ትሰጫለሽ። በማግስቱ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ እንደገና ይዘፍናሉ። በማያውቁት ሰው መታቀፍና ከዚያው ሰው በሰዓቱ መለየት ለሕፃን ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺ እናት ነሽና አልነግርሽም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አለ። በዓለም ላይ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገንዘብ ስለሚገኝ፣ ልጁ ቤተሰቡ ጋ እንዲመለስ የሚደክም ይጠፋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ማሳደጊያ መመዝገብ ያቆመችው፣ አሁንም ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስ ዕቅድ ይዛ የምትሠራው እንዲሁ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ የልጆችሽ ክፍል ማንነቱ ያልታወቀ ቱሪስት ቢገባ ምን ትያለሽ? እዚህም ያው ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይቆይ። አራታችሁም። «አስፈቅጄ ባነሳስ?» ትይኝ ይሆናል። አስጎብኚው አጠገቧ ቆሞ፣ አንቺ እንግዳ ሆነሽ፣ ምናልባትም ዕቃዋን ልትገዢ እያሰብሽ ስትጠይቂያት እምቢ ማለት ለሴትየዋ ቀላል አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ ማንሳትም አይፈታውም። ኦሞ ሸለቆ ሙርሲዎች ጋ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቱሪስቱ በፎቶ መክፈል ሲጀምር ሰዉ ለካሜራ ብሎ ማጌጥ ጀመረ። አስታዋሽ ነገር ከፈለጋችሁ ከአጥንት የተሠራ ጌጥ ግዙ፣ ከአስጎብኚያችሁ ጋር ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ከወደደ፣ አብራችሁ ተነሱ። ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ምንም እንዳይለጥፉ ቤት ሳላችሁ ተነጋገሩ። እዚያ ደርሶ መቆጣት አይሠራም።

እናትሽ ለምን ጎትታ ታስገባችሁ እንደነበር ንገሪያቸው። ይህን ከአንቺ የተሻለ የሚያስረዳቸው የለም። የ1984ቱን ረሃብም (በእኛ 77 ዓ.ም.) አንሺላቸው። የኮረም ምስል ዓለምን ሲዞር እርዳታ አምጥቷል፣ ነፍስም አድኗል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስንቱ የሐበሻ ልጅ በሰው አገር ትምህርት ቤት በዚያው ምስል ሲቀለድበት አደገ! ምስሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም ነበራቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። አንድ ሕዝብ በአንድ ፎቶ ሲታወቅ ምን እንደሚመስል እኛ ነን የምናውቀው። ለኪቤራ ሰውም ይህን አናድርግ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የእኛ ሰዎች ሲሉት እሰማለሁ። «እኛ ጥቁር ነን፣ አፍሪካዊ ነን፣ እንደ ፈረንጅ አያዩንም» ይላሉ። ልጆችሽ አፋቸውን ሲከፍቱ አሜሪካዊ ናቸው። ጫማቸው፣ አረማመዳቸው፣ ውሃቸውን የያዙበት ጠርሙስ ሳይቀር ይናገራል። አፍሪካዊ መሆናችሁ ቀረቤታ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ፈቃድ ግን አይሰጥም። አንቺ ጨርቆስ ማደግሽም ቢሆን «ኑሮውን አውቀዋለሁ» ለማለት አያበቃሽም። አስጎብኚው ከጠየቀሽ ንገሪው፣ ጥሩ ወሬ ይሆናል። ካልጠየቀሽ ግን የራሱን ሰፈር ላስተምርህ አትበይው።

ገና ስትገቡ ትንንሽ ልጆች «ሀው አር ዩ! ሀው አር ዩ!» እያሉ ይከተሏችኋል። የእኛዎቹ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እንደሚሉት ነው። መልሱላቸው፣ ሳቁ፣ እለፉ። ከረሜላ፣ እስክሪብቶ፣ ሳንቲም አትስጡ። ላሊበላ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቱሪስት ብዕር በሰጠ ቁጥር ልጁ ከክፍል ይልቅ መንገድ ላይ መዋል ይቀናዋል። ትልልቆቹን ሰላም በሉ። «ሀባሪ» ስትሏቸው «ምዙሪ» ይሏችኋል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ፈገግታ ነው። ሰው ቤት አስጎብኚው «ግቡ» ቢላችሁ እንኳ ባለቤቷ ራሷ ካላለች አትግቡ። መጸዳጃ ቤቱን፣ የቆሻሻ ጉድጓዱን፣ የታመመ ሰውን «ኑ እዩ» የሚል ከሆነ ደግሞ «ይህን ማየት አንፈልግም» በይው፣ በትሕትና። ገንዘብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ቱሪስት ምን እንደሚወድ አስጎብኚው የሚማረው ከእናንተ ነው።

ልጆችሽ ዝም ብለው እንዳይከተሉ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ለእኔ የዚህ ጉዞ ዋናው ነገር ይህ ነው። «እዚህ ቤት ስንት ነው ኪራዩ? የሚከፈለውስ ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ኪቤራ ውስጥ አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው፤ ቤቱን ያቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው፤ መሬቱ ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት ተብሎ የኖረ ነው። ይህ ለአንቺ አዲስ አይደለም፣ ለእነሱ ግን አዲስ ነው። «ውሃ በጀሪካን ስንት ነው?» ይበሉ። ቧንቧ ቤቱ የገባለት ሀብታም ለአንድ ሊትር ከሚከፍለው የበለጠ እዚህ ያለ ሰው ይከፍላል። ድሃ መሆን ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ነገር የለም። የኦዴዴ ድርጅት ሾፍኮ የውሃ ቧንቧውን መሬት ውስጥ በመቅበር ፈንታ ከፍ አድርጎ በምሰሶ ላይ ዘርግቶታል፤ እንዳይሰረቅና በቆሻሻ እንዳይበከል። ትልቁ ልጅሽ ምህንድስና የሚወድ ከሆነ እሱን አሳዩት በሉ።

ታሪኩንም ይጠይቁ። ኪቤራ ላይ መጀመሪያ የሰፈሩት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ኑቢያውያን ወታደሮች ናቸው፤ ከሱዳን የመጡ። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ለመቶ ዓመት ያህል የመሬት ወረቀት ሲጠይቁ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2017 ለ288 ኤከር ካርታ ተሰጣቸው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018፣ መንገድ ለማውጣት ተብሎ የኪቤራ አንድ ክፍል በግሬደር ፈረሰ። ወደ 30,000 ሰው ቤት አጣ፤ ትምህርት ቤቶችም ፈርሰዋል። ከሰፈሩ ጥግ ላይ ደግሞ ሮያል ናይሮቢ የሚባለው የጎልፍ ክለብ አለ፤ አረንጓዴው ሣር ከቆርቆሮው ጋር በአጥር ብቻ ነው የተለየው። ልጆቹ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ «እነዚህ ሰዎች ለምን ድሃ ሆኑ?» ማለት ትተው «ይህ ከተማ ለማን ነው የተሠራው?» ማለት ይጀምራሉ ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባ ስትገቡ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲያዩ ያው ጥያቄ እንደገና ይመጣባቸዋል። አንቺም ያደግሽበትን ሰፈር ልታሳዪያቸው ብትሄጂ እዚህ ያልኩሽ ሁሉ እዚያም ይሠራል። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ሰላምታ በቅድሚያ።

እንዳትሰለቹም አትጨነቂ፤ የሚያስቅና የሚያስደስት ነገርም ብዙ ነው። ቻማ የሚሉት የቁጠባ ማኅበር አላቸው፣ የእኛ እቁብ ማለት ነው። እቁብ ጥለሽ የምታውቂ ከሆነ ከአንዷ ነጋዴ ጋር በዚህ ጉዳይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ታወራላችሁ።

ገንዘብ እዚያው አውጡ። ቁርስ ሳትበሉ ሂዱና ማንዳዚና ሻይ እዚያ ግዙ። ዝርዝር ሽልንግ ያዙ። ኬንያ ውስጥ አብዛኛው ነገር በኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ ገንዘብ ነው የሚከፈለው፤ የባለቤትሽ እህት አብራችሁ ብትሄድ በስልኳ ትከፍልላችኋለች፣ ስዋሂሊም ትተረጉምላችኋለች። ዋጋ አትከራከሩ። መርካቶ አይደለም፤ እዚህ የምታስቀንሺው ሃያና ሠላሳ ሽልንግ ለአንቺ ምንም ነው። አስጎብኚውንም ከክፍያው በላይ በእጁ አመስግኑት።

የልብሱን ሻንጣ ግን ተይው። ኪቤራ አጠገብ ቶይ የሚባል ትልቅ ገበያ አለ፣ ሰልባጅ በያይነቱ የሚሸጥበት። ብዙ የኪቤራ ሰው የሚተዳደረው በዚያ ንግድ ነው። አንቺ መንገድ ላይ ሻንጣ ከፍተሽ በነፃ ብታድይ ግርግር ይነሳል፣ ጉልበተኛው ይወስዳል፣ የሰው ክብርም ይነካል። ይልቅ ለልጆቹ ጃኬት እዚያ ግዙላቸው፤ በሐምሌ ናይሮቢ ዝናቡ ብዙ ባይሆንም ይበርዳል። መርዳት ከፈለግሽ ከጉብኝቱ በኋላ፣ ረጋ ብለሽ፣ እዚያ የሚሠራ ማኅበር ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቀሽ ገንዘብ ላኪ። ወር በወር ትንሽ ትንሽ ቢሆን ይመረጣል። ጫማችሁ ጣት የሚሸፍንና የማያንሸራትት ይሁን።

ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው። ያለው ነገር ትክክል ነው፤ የሰው ገመና በትኬት አይታይም። እንዲያውም አስጎብኚዎቹ ጋ የሚደውለው እሱ ይሁን። ከላይ የጻፍኩልሽን ጥያቄዎች በሙሉ ራሱ ይጠይቃቸው። መልሳቸው ካረካው አራታችሁም ትሄዳላችሁ። ካላረካው ኪቤራ ይቅርባችሁና ከእህቱ ጋር ኢስትሊ ወደሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሂዱ፤ የአገራችን ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት እዚያ አለ። ልጆቹ ከእነሱ ጋር ምሳ ይብሉ፣ እንዴት ናይሮቢ እንደደረሱ ይጠይቋቸው።